እውነት ወይስ ተረት? «ማቸሩ የእኔን ኦብጀክት አያውቀውም»

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ ሐሙሲትን ታገኛላችሁ። እዚያ ዋናውን አስፋልት ትታችሁ ስትታጠፉ መንገዱ የደራ ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው ወደ አንበሳሜ ይወስዳችኋል። ሐሙሲትን በስሟ የማያውቅ የአካባቢው ሰው የለም፤ አጻጻፏ ላይ ግን ስምምነት የለም። አንዱ በሐመሩ ሐ «ሐሙሲት» ይላታል፣ ሌላው በሀሌታው ሀ «ሀሙሲት»። አንባቢ ሁለቱንም አይቶ ያችኑ አንዲት ከተማ ያስባል። ኮምፒውተር ግን እንዲህ አያስብም።

አንበሳሜ ተቀምጬ የአካባቢውን የገበያ ከተሞች የሚመዘግብ ትንሽ ፕሮግራም በሩቢ ስጽፍ የገጠመኝ ይህ ነበር። እንዲያውም ችግሩ የጀመረው ፊደሉ ጋ ሳይደርስ ነው። «ቦታ» የምለው ክላስ ሠራሁ፤ ስምና ወረዳ ይይዛል። ሁለት ኦብጀክት ፈጠርሁ፤ ሁለቱም ሐሙሲት፣ ሁለቱም ደራ፣ ፊደላቸውም አንድ። አርስፔክ በሚባለው የሩቢ የቴስት መሣሪያ «ይህ ከዚያ ጋር እኩል ይሁን» ብዬ ቴስት ጻፍሁ፤ የተገኘውን ከሚጠበቀው ጋር የሚያመሳክረው የአርስፔክ ክፍል ማቸር ይባላል። ቴስቱ ቀይ ሆነ፤ ወደቀ ማለት ነው። ደግሜ አስኬድሁት፤ ቀይ። ያን ቀን በሙሉ ጥፋቱን የፈለግሁት አርስፔክ ውስጥ ነው። ጥፋቱ የነበረው እኔ ክላሱ ውስጥ ሳልጽፈው በተውሁት ነገር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ፕሮግራሚንግ የሚማሩ ወጣቶች «ማቸሩ የእኔን ኦብጀክት አያውቀውም» የሚለውን ያንኑ ቅሬታ ይዘው ሲመጡ ስለማይ፣ የምሰማቸውን ተረቶች አንድ በአንድ ላቃና።

ተረት፦ ማቸሮች የሚያውቁት ቁጥርና ጽሑፍ ብቻ ነው። ራሳችን ለሠራነው ኦብጀክት የራሱን ማቸር መጻፍ ግድ ነው።

ይህ ከሁሉም የበለጠ የተስፋፋው ነው፤ ከሁሉም የበለጠ የሚያደክመውም እሱ ነው። ሰው ለእያንዳንዱ ክላሱ አንድ ማቸር እየጻፈ ቴስቱ ከፕሮግራሙ ይረዝምበታል።

እውነቱን ለማየት ሩቢ ራሷ እንዴት እንደምታስብ ማስታወስ ይበቃል። ጃፓናዊው ዩኪሂሮ ማትሱሞቶ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሕዝብ ያወጣት ይህች ቋንቋ ሁሉን ነገር ኦብጀክት አድርጋ ታያለች። በእሷ ዘንድ == የሒሳብ ምልክት ብቻ አይደለም፤ ለኦብጀክት የሚላክ ጥያቄ ነው። «ሀ == ለ» ስትሉ ሀን «ለ እንዳንተ ነው ወይ?» ብላችሁ መጠየቃችሁ ነው። መልሱን የሚሰጠው ሀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በስቲቨን ቤከር የተጀመረው አርስፔክም ከዚህ የተለየ ጥበብ የለውም። «ኢኪው» የሚባለው ማቸር ሆዱ ሲከፈት የሚገኘው አንድ መስመር ነው፤ የተገኘውን ኦብጀክት በ== ስለሚጠበቀው ይጠይቀዋል። አዎ ካለ አረንጓዴ፣ አይደለም ካለ ቀይ።

ታዲያ የእኔ ሐሙሲት ለምን «አይደለም» አለች? ለዚህ ጥያቄ መልስ ስላልሰጠኋት ነው። ክላሱ == ን ካልጻፈ መልሱ ከአያቱ ይመጣል፤ የሁሉም ክላስ አያት ደግሞ የሚያውቀው አንድ ዓይነት እኩልነት ብቻ ነው፤ «አንተ እኔው ራሴ ነህ ወይ?» የሚል። በማኅደረ ትውስታ ውስጥ ሁለት ቦታ የተቀመጡ ሁለት ኦብጀክቶች፣ ውስጣቸው ፍጹም አንድ ቢሆንም፣ በዚህ ሚዛን መቼም እኩል አይሆኑም። ለቁጥርና ለጽሑፍ ማቸሩ የሚሠራው ስለሚያውቃቸው አይደለም፤ የቁጥርና የጽሑፍ ክላሶች ሠሪዎች == ን ቀድመው ስለጻፉላቸው ነው። እኛም ለቦታ መጻፍ አለብን። በሩቢ የተለዋዋጭና የሜተድ ስም በፊደላችን መጻፍ ስለሚቻል፣ የሜተዱ ልብ እንዲህ ሊሆን ይችላል («ቁልፍ» ከስሙና ከወረዳው የምንሠራው ማመሳከሪያ ነው፤ አሠራሩ ከታች ይመጣል)፦

ቁልፍ == ሌላ.ቁልፍ

ከዚህ በፊት ግን አንድ ጥበቃ ያስፈልጋል፤ ሌላው በእርግጥ ቦታ ነው ወይ? ባዶ እሴት ወይም ቁጥር ቢመጣ «ቁልፍ» የሚባል ነገር ስለሌለው ፕሮግራሙ በስህተት ይቆማል። ክላሱ ካልተመሳሰለ መልሱ «አይደለም» መሆን አለበት እንጂ ጩኸት መሆን የለበትም። (የክላሱን ስም ግን በፊደላችን መጻፍ አይቻልም። ሩቢ የክላስ ስም በዐቢይ ፊደል እንዲጀምር ታስገድዳለች፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዐቢይና ንኡስ ብሎ አይከፈልም።)

አርስፔክ ስማቸው የሚቀራረብ ሌሎች ሁለት ማቸሮችም አሉት። «ኢኪውኤል» በዚሁ ስም የሚጠራውን ጠበቅ ያለ ጥያቄ ይጠይቃል፤ 1 እና 1.0 በ== እኩል ሲሆኑ በ«ኢኪውኤል?» እኩል አይደሉም። «ኢኳል» ደግሞ ያንኑ የአያቱን «አንተ እኔው ነህ ወይ?» ይጠይቃል። ይህን ሦስተኛውን በገዛ ክላሳችሁ ውስጥ በፍጹም አትለውጡት። ማንነትን የምናውቅበት መለኪያ እሱ ብቻ ነው፤ ከጠፋ ሌላ የለንም።

ተረት፦ የቴስቱ ሪፖርት ሁለቱን አንድ አድርጎ ካሳየ እኩል ናቸው፤ የወደቀው በስህተት ነው።

ሪፖርቱ የሚያሳየው «ኢንስፔክት» የሚባለው ሜተድ የሰጠውን ጽሑፍ ነው። መልክ ሌላ፣ እኩልነት ሌላ። ሰው «ኢንስፔክት» ን አሳምሮ «ሐሙሲት፣ ደራ» እንዲል ያደርግና == ን ይረሳል፤ ከዚያ «ሐሙሲት፣ ደራ ጠበቅሁ፤ ሐሙሲት፣ ደራ አገኘሁ» የሚል ሪፖርት አይቶ ይደነግጣል። አርስፔክ ይህን ሁኔታ ያውቀዋል፤ የሁለቱ ልዩነት ባዶ ሲሆንበት ኦብጀክቶቻችሁ አንድ ዓይነት የ«ኢንስፔክት» ውጤት እየሰጡ ይሆን ወይ ብሎ በግልጽ ይጠይቃል። ብዙዎች ይህን መስመር ዘልለውት ያልፋሉ። አንብቡት።

ተረት፦ ሐሙሲትና ሀሙሲት ካልተስማሙ የጽሑፍን == ራሱን ማስተካከል ነው። ሩቢ ይፈቅዳል።

መፍቀዱንስ ትፈቅዳለች። ሩቢ የተሠሩ ክላሶችን ከፍቶ መለወጥን አትከለክልም፤ በአሥር መስመር ኮድ ጽሑፍ ሁሉ ሐመሩን ከሀሌታው እንዳይለይ ማድረግ ይቻላል። እኔም ሞክሬዋለሁ። እዚህ ጋ ረጋ ብዬ መናገር እፈልጋለሁ፤ ነገሩ የቴስት ብቻ ሳይሆን የፊደላችንም ነውና።

ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትም ነው። ሀሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ንጉሡ ሠ እና እሳቱ ሰ፣ ጸሎቱ ጸ እና ፀሐዩ ፀ፣ አልፋው አ እና ዐይኑ ዐም እንዲሁ። ስለዚህ

"ሐሙሲት" == "ሀሙሲት"

ብላችሁ ሩቢን ብትጠይቁ መልሷ «ሐሰት» ነው። ሩቢ ጽሑፍን ወደ ወጥ መልክ የምታመጣበት የዩኒኮድ ሜተድ አላት፤ ለፈረንሳይኛና ለቬትናምኛ ፊደላት ምልክት ይጠቅማል። እኛን ግን አይጠቅመንም፤ ለዩኒኮድ ሐ እና ሀ የአንድ ፊደል ሁለት መልክ ሳይሆኑ ሁለት ፊደላት ናቸው።

ዩኒኮድም ትክክል ነው። በግዕዝ ሠረቀ ማለት ወጣ፣ ፀሐይ እንደምትወጣው፤ ሰረቀ ማለት ደግሞ ሌባ እንደሚያደርገው። ድኅነት ብሎ መዳንን፣ ድህነት ብሎ ማጣትን የሚለይ ጸሐፊ ዛሬም አለ። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ በ1948 ዓ.ም. የታተመው፣ ፊደላቱን በየቤታቸው የሚጠብቀው ቃላቱ ስለሚለያዩ ነው። የጽሑፍን == ከለወጣችሁ ፕሮግራማችሁ ውስጥ ያለ ማንኛውም ጽሑፍ ይህን ልዩነት ያጣል። የይለፍ ቃል የሚያመሳክረው ክፍል ሳይቀር። ነገሩ ደግሞ ሙሉ በሙሉ እንኳ አይለወጥም፤ ሩቢ ጽሑፍን ቁልፍ አድርጋ በሃሽ ውስጥ ስትፈልግ የእናንተን == አትጠይቅም። ስለዚህ አንዱ ቦታ እኩል የሆኑት ሌላው ቦታ የተለያዩ ሆነው ይቀራሉ፤ እንዲህ ያለውን ስህተት ማደን ከባድ ድካም ነው።

ትክክለኛው መንገድ ሕጉን ሕጉ የሚመለከተው ኦብጀክት ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ለከተማ ስም ሐ እና ሀ አንድ ናቸው፤ ለጽሑፍ ሁሉ ግን አይደሉም። ስለዚህ ቦታ የራሱን «ቁልፍ» ይሥራ። የጻፉለትን ስም እንዳለ ያስቀምጥ፤ ሲታይ ባለቤቱ በጻፈው ፊደል ይታይ። ለማመሳከር ብቻ ቅጂውን ይውሰድና ከ«ሐ» እስከ «ሖ» ያለውን ወደ «ሀ» እስከ «ሆ» ይለውጥ፤ «ኀ» ንም፣ «ሠ» ንም፣ «ዐ» ንም፣ «ፀ» ንም እንደዚሁ። ሰባቱን ብቻ ለውጡ፤ ስምንተኛዋ «ሗ» በሀሌታው ቤት ትክክለኛ ጓደኛ ስለሌላት ለብቻዋ ትታይ። ከዚያ «ሃ» ን ከ«ሀ»፣ «ኣ» ን ከ«አ» ጋር አንድ አድርጉ፤ በአማርኛ ንባባቸው አንድ ነው። በመጨረሻ ክፍት ቦታውን አስወግዱ፤ «ደብረ ታቦር» እና «ደብረታቦር» የአንድ ከተማ ስም ናቸውና።

እንዲህ ፊደልን ወደ አንድ ማጠፍ የማይደርስበት ቦታም አለ። አንበሳሜን «አምበሳሜ» ብሎ የሚጽፍ ሰው አፉ እንደሚለው ነው የጻፈው፤ ከ«በ» በፊት ያለችውን «ን» ምላሱ ወደ «ም» አቅርቦለታል። ይህን በማጠፊያ ደንብ ለመያዝ አትሞክሩ። «ን» ሁሉ «ም» ይሁን ያላችሁ ቀን የማይገናኙ ስሞች ይጋጫሉ። ለእንዲህ ያለው የታወቁ መጠሪያዎችን ዝርዝር መያዝ ይሻላል።

ተረት፦ ስሙ አንድ ከሆነ ነገሩም አንድ ነው።

ደብረ ታቦር ከተማ ነው፤ የደቡብ ጎንደር ዋና ከተማ። ደብረ ታቦር በዓልም ነው፤ ነሐሴ 13 ቀን ቡሄ ተብሎ ችቦ የሚበራበት፣ ልጆች ጅራፍ የሚያጮኹበት። ፕሮግራማችሁ ቦታንም በዓልንም ቢይዝና == ስምን ብቻ ቢያመሳክር፣ ከተማውና በዓሉ እኩል ይወጣሉ፤ ቴስቱም አረንጓዴ ይሆናል። ክላስን የማጣራቱ ጥበቃ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። ስሙ ከወረዳው ጋር ተጣምሮ የሚታየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ በስም የሚሞክሹ ከተሞች አገራችን ሞልተዋል።

ተረት፦ == ን ከጻፍሁ በቃ፤ ማቸሮቹ ሁሉ ይሠራሉ።

እዚህ ላይ ነው ልምድ ያላቸውም የሚሰናከሉት።

== ን ጻፍሁ፤ «ኢኪው» አረንጓዴ ሆነ። ዝርዝሩ ሀሙሲትን ይዟል ወይ የሚለው «ኢንክሉድ»ም አረንጓዴ። ቅደም ተከተል ሳይገደው ዝርዝርን የሚያመሳክረው «ኮንቴይን ኤግዛክትሊ»ም አረንጓዴ። ደስ ብሎኝ ድግግሞሽን የሚያስወግደውን «ዩኒክ» ተጠቅሜ ሐሙሲትና ሀሙሲት ያሉበትን ዝርዝር አጣራሁ። አንድ ከተማ ይቀራል ብዬ ጠብቄ ሁለት ቀሩ።

«ዩኒክ» == ን አይጠይቅም። በመጀመሪያ «ሃሽ» የሚባለውን ሜተድ ጠርቶ ከኦብጀክቱ አንድ ቁጥር ይቀበላል፤ ቁጥራቸው የተገጣጠሙትን ደግሞ በ«ኢኪውኤል?» ያመሳክራል። የሃሽ ቁልፎችና የ«ሴት» ክላስም የሚሠሩት እንዲህ ነው። እህል በየጎታው ለይቶ እንደማስቀመጥ ነው፤ ቁጥሩ የትኛው ጎታ እንደሆነ ይናገራል፣ «ኢኪውኤል?» ጎታው ውስጥ ገብቶ ይለያል። ቁጥሩ ከተለያየ ሁለቱ ኦብጀክቶች ሁለት ጎታ ውስጥ ይገቡና ጨርሶ አይተያዩም። «ሃሽ»ን ካልጻፋችሁት ደግሞ አያቱ ለእያንዳንዱ ኦብጀክት በማንነቱ ላይ የቆመ ቁጥር ይሰጠዋል።

ስለዚህ ሦስቱ አብረው ይጻፉ፤ ==፣ «ኢኪውኤል?» እና «ሃሽ»። የሃሽ ቁጥሩ እኩልነቱ ከቆመበት ነገር ይሠራ፤ ክላሱንና ቁልፉን በአንድ ዝርዝር አስገብቶ የዝርዝሩን ሃሽ መውሰድ ይበቃል። ሕጉ አንድ ነው፤ በ«ኢኪውኤል?» እኩል የሆኑ ሁለት ኦብጀክቶች የሃሽ ቁጥራቸው አንድ መሆን አለበት። ወደኋላ ሲገለበጥ አይሠራም፤ ቁጥራቸው አንድ ሆኖ የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ሁለቱን ጽፎ «ሃሽ»ን መርሳት ከሁሉ የባሰ ነው። ዝርዝርን ከዝርዝር መቀነስን ውሰዱ። ዋናው ሩቢ የሚቀነሰው ዝርዝር 16 ወይም ከዚያ ያነሰ አባል ሲኖረው፣ ሥራው እንዲፈጥን ብሎ በቀጥታ በ«ኢኪውኤል?» እያመሳከረ ይቀንሳል፤ ሃሽ አይጠራም። ሁለቱም ዝርዝሮች ከ16 ሲያልፉ ግን በሃሽ ይሠራል። ቴስት ስንጽፍ የምናስገባው ሦስት ወይም አራት ከተማ ነው፤ ሐሙሲት፣ አንበሳሜ፣ ወረታ፣ አዲስ ዘመን። ቴስቱ አረንጓዴ ይሆናል። እውነተኛዎቹ ዝርዝሮች 17 ከተማ የሞሉ ቀን ቅነሳው መሳሳት ይጀምራል፤ አንድም ቴስት አይናገርም። ይህን ሳውቅ በእውነት ደነገጥሁ። ትንሽ ምሳሌ ትልቁን መዝገብ እንደሚወክል አምነን ነው የምንጽፈው፤ እዚህ ላይ አይወክልም።

ይህን ሁሉ በእጅ ከመጻፍ የሚያድን መንገድ አለ። «ስትራክት» የሚባለው የሩቢ መሣሪያ ሦስቱንም ሜተዶች ሠርቶ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2022 ከወጣው ከሩቢ 3.2 ጀምሮ ደግሞ «ዳታ» አለ፤ ሦስቱን ከመስጠቱም ሌላ የኦብጀክቱ አባላት በሌላ እንዳይተኩ ያደርጋል። ቁልፉ የሚለዋወጥ ኦብጀክት ሃሽ ውስጥ ከገባ በኋላ ከተለወጠ ጎታው ይጠፋበታልና ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ለቦታ ግን «ዳታ» ብቻውን አይበቃም። እሱ የሚያመሳክረው አባላቱን እንዳሉ ነው፤ ሐ እና ሀን አያጥፍም። ማጠፉን ራሳችሁ ትጨምራላችሁ፤ ስትጨምሩ ሦስቱንም።

ተረት፦ ለቀን ኦብጀክት እኩልነትን፣ መብለጥን፣ ማነስን ለየብቻ መጻፍ ያስፈልጋል።

አያስፈልግም። የኢትዮጵያን ቀን ውሰዱ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን ይዞ ሦስቱን ወደ አንድ የቀን ቁጥር መለወጥ ይቻላል። ሩቢ የምትጠቀምበት የጁሊያን ቀን ቁጥር ለዚህ ምቹ ነው፤ የእኛ መስከረም 1 ቀን 1 ዓ.ም. 1724221ኛው ላይ ይውላል፦

1724221 + 365 * (ዓመት - 1) + ዓመት / 4 + 30 * (ወር - 1) + ቀን - 1

የ2016ቱን ቡሄ አስገቡበት፤ ነሐሴ 13። 2460542 ይወጣል። የሩቢ የራሷ የቀን ክላስ ኦገስት 19 ቀን 2024ን ሲጠየቅ የሚሰጠው ያንኑ ቁጥር ነው።

አሁን በሁለቱ ቀኖች መካከል ማን ይቀድማል የሚለውን <=> የተባለውን አንድ ሜተድ በዚህ ቁጥር ላይ አቁማችሁ ጻፉና «ኮምፓረብል» የሚባለውን ሞጁል ክላሱ ውስጥ አስገቡ። ማነስ፣ መብለጥ፣ በመካከል መሆን፣ == ራሱም ከዚያች አንድ ሜተድ ይወለዳሉ። «ከዚህ እስከዚያ መካከል ነው» የሚለው «ቢ ቢትዊን» ወዲያው ይሠራል። «በሦስት ቀን ውስጥ ነው» የሚለውን «ቢ ዊዝኢን» ከፈለጋችሁ መቀነሻውን ጨምሩ፤ ቀን ከቀን ሲቀነስ ቁጥር ይስጥ፤ ማቸሩ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። «ኢኪውኤል?» እና «ሃሽ» ግን ከ«ኮምፓረብል» አይወለዱም። እዚህም ራሳችሁ ጻፏቸው።

ከባዕድ ነገር ጋር ሲወዳደር <=> ባዶ ይመልስ እንጂ ስህተት አይወርውር። ከሩቢ 2.3 ወዲህ «ኮምፓረብል» የተወረወረውን ስህተት አይውጥልንም።

አንዳንዱ ሰው የኢትዮጵያውን ቀን ከሩቢው ቀን ጋርም እኩል እንዲሆን ያደርጋል፤ ቁጥራቸው አንድ ነውና። ሐሳቡ ያጓጓል፤ እኔ ግን አልመክረውም። የእኛ ቀን የሩቢውን «አዎ፣ እንደ እኔ ነው» ሲል የሩቢው ቀን ግን የእኛን አያውቀውምና «አይደለም» ይላል። አርስፔክ የሚጠይቀው የተገኘውን ነው፤ ሌላው የሩቢ የቴስት መሣሪያ ሚኒቴስት ግን የሚጠበቀውን ቀድሞ ይጠይቃል። ያው ቴስት በአንዱ አረንጓዴ፣ በሌላው ቀይ ይሆናል። በአንድ ወገን ብቻ የሚሠራ እኩልነት እኩልነት አይባልም። ወደ ሩቢ ቀን የሚለውጥ ሜተድ ጻፉና ለውጣችሁ አመሳክሩ።

ተረት፦ ማቸሩ አረንጓዴ ካለ ኦብጀክቱ ትክክል ነው።

ጳጉሜ 2015 ስድስት ቀን ነበራት፤ ዘመነ ሉቃስ ነውና። ጳጉሜ 2016 ግን አምስት ብቻ። ለዚያ ቀመር ጳጉሜ 6 ቀን 2016 ብላችሁ የሌለ ቀን ስጡት። 2460565 ይላችኋል። መስከረም 1 ቀን 2017ን ስጡት፤ 2460565። የሌለው ቀን ከእንቁጣጣሽ ጋር እኩል ሆነ፤ ማቸሩም አረንጓዴ ያበራል። እኩልነት የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል፤ ቀኑ ይኑር አይኑር ማንም አልጠየቀውም። የሌለ ቀን ኦብጀክት ከመሆኑ በፊት በር ላይ መመለስ አለበት፤ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ካልቀረ ጳጉሜ 6ን አትቀበሉ፤ ለዚህም የራሱ ቴስት ይኑረው።

ተረት፦ «ቼንጅ» ማቸር ለውጡን ራሱ ያየዋል።

ለምሳሌ አንድ ከተማ ሲመዘገብ ራሳችሁ የሠራችሁት የገበያ መዝገብ ኦብጀክት ተለውጧል ወይ ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ማቸሩ መዝገቡን በፊትና በኋላ ይይዛል። ሁለቱም ጊዜ የያዘው ግን ያንኑ አንድ ኦብጀክት ነው፤ ራሱ ከራሱ ጋር ሲመሳከር እኩል ነው። ስለዚህ አርስፔክ የሃሽ ቁጥሩንም በፊትና በኋላ ያወዳድራል። «ሃሽ»ን ከይዘቱ ካልሠራችሁት ቁጥሩ አይለወጥምና «ምንም አልተለወጠም» ይላችኋል። ቀላሉ መውጫ መዝገቡን ሳይሆን የከተሞቹን ብዛት መጠየቅ ነው፤ ቁጥር አያሳስትም።

ተረት፦ የራስን ማቸር መጻፍ ስህተት ነው፤ ሁሉም በ== ይለቅ።

ይህ ከመጀመሪያው ተረት ሸሽተው የሚገቡበት ሌላው ጽንፍ ነው። ለቴስት ሲባል ብቻ == ን ማላላት ፕሮግራሙን ይጎዳል። ሁለት ቦታዎች በስማቸው ብቻ መመሳሰላቸውን ለአንድ ቴስት ማየት ከፈለጋችሁ «ሃቭ አትሪቢዩትስ» አለ፤ ስሙን ብቻ ጠይቁት፣ እኩልነቱን አትንኩ።

አንድ ሐሳብ በቴስቶቹ ውስጥ ደጋግሞ ሲመጣ ደግሞ ስም ይገባዋል። «የሐሙስ ቀን ነው» የሚለውን ውሰዱ፤ የሐሙሲት ገበያ ቀን ደጋግሞ ይጠየቃል። ከቀን ቁጥሩ ይገኛል፦

(ቁጥር + 1) % 7 == 4

እሑድ 0 ስለሆነ ሐሙስ 4 ነው። ይህን ለመጠቀም ሁለት በር አለ። አንዱ የራስን ማቸር መጻፍ ነው። አርስፔክ ከማቸር የሚፈልገው ሁለት ነገር ነው፤ ይገጥማል ወይ ብሎ የሚጠይቀውን ሜተድና ሲወድቅ የሚናገረውን መልእክት። መልእክቱን አትናቁት፤ «ሐሙስ ጠበቅሁ፤ ነሐሴ 13 ግን ሰኞ ነው» የሚል መልእክት ግማሽ ቀን ያድናል። ሁለተኛው በር === ነው። አርስፔክ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ወይም ለሜተድ የተላኩትን ነገሮች ሲያመሳክር በ== ካልገጠሙ የሚጠበቀውን በ=== ይጠይቀዋል። «ሐሙስ» የሚባል አንድ ኦብጀክት ሠርታችሁ === የዚህን ቀመር መልስ እንዲሰጥ ብታደርጉት፣ የሚጠበቀው ቦታ ላይ ስታስቀምጡት ማንኛውንም የሐሙስ ቀን ይቀበላል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ያው ኦብጀክት በፕሮግራሙ ውስጥ «ኬዝ» በሚባለው ምርጫ ላይም ይሠራል፤ ማቸሩ ግን ከቴስት አይወጣም።

ለአገራችን የሚሆን ፕሮግራም የምትጽፉ ወገኖች፣ ከማናቸውም ሌላ ቴስት በፊት ይህን አንድ ቴስት ጻፉ፦ ሐሙሲትን በሐመሩም በሀሌታውም መዝግቡ፣ ዝርዝሩን በ«ዩኒክ» አጣሩትና ሐሙሲት አንድ ጊዜ ብቻ መቅረቷን ጠይቁ።